ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከአራስ ጉማሬ ጋር

ለታኅሣሥ ገብርኤል ቤተሰቡን ይዘን ሐዋሳ ወርደን ነበር። እናቴ ስለት ነበረባት። እኔና ባለቤቴ ደግሞ ልጆቹ ትንሽ ከአዲስ አበባ ወጣ ይበሉ ብለን ነው። እህቴም ከዱባይ ለእረፍት መጥታ ስለነበር አብራን ነበረች። ንግሡ ባለፈ ማግስት ጀልባ ተሳፈርን፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። በተለይ ልጅና አረጋዊ ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ኪራዩ። ገና ከመኪና ሳትወርዱ ደላላ ይከባችኋል። እኛ አልፈን ቀጥታ ጀልባዎቹ ጋ ሄድን፤ ከባለጀልባው ጋር ፊት ለፊት ስትነጋገሩ እስከ የት እንደሚወስዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ ቁርጡን ታውቃላችሁ። የተስማማነው በኮንትራት ነው፤ ሙሉ ጀልባው የእኛ ብቻ። ካፒቴኑ ወጣት ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ። «ጉማሬ እንድታዩ ራቅ ብለን ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል እንሂድ?» ሲለን እናቴ ውሃ ስለምትፈራ አይሆንም አልነው። አጭር ዙር ይበቃናል፣ ወፍ እናያለን፣ እንመለሳለን። እሱም አልተጫነንም። «እሺ፣ በዳር በዳር እንሄዳለን» አለ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀነሰልን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ውሃው ፀጥ ብሏል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጋ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ለመልቀም ተሰልፈው ቆመዋል፤ አምስት ዓመቱ ትንሹ ልጄ ቁመታቸው ከእሱ ሊበልጥ ምንም እንዳልቀረው አይቶ አባቱ እግር ስር ተሸጎጠ። እናቴን እጇን ይዞ ያሳፈራት ካፒቴኑ ራሱ ነው። «አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አላት፤ እውነትም ቀስ ብሎ ነዳ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ፊላው በቀጭን ወደ ውሃው የገባበት ቦታ ደረስን። ድንገት ጎማ ሲተነፍስ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ ሞተሩ መስሎት ወደ ኋላ ዞረ። ካፒቴኑ ግን ወደ ፊላው እያየ ነበር፤ እጁን አንስቶ ዝም በሉ አለን። መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ጆሮ ነው። ተርገብግበው ውሃውን አራገፉ፤ ጆሮዎቹ በውስጥ በኩል ሐምራዊ ናቸው፣ የዓይኗ ዙሪያም እንደዚያው። ከዚያ ጀርባዋ ወጣ። ጀርባዋ ላይ አገጩን ያስደገፈ ሌላ ትንሽ ጭንቅላት አለ። ግልገል! እንዲህ ዳር ላይ ጉማሬ እናያለን ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም፤ ካፒቴኑም ጭምር ተገርሟል።

አሁን ለዚህ ልጅ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁበትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሥራው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ ዝግ አድርጎ ጀልባውን አዞረና «ከእሷና ከጥልቁ ውሃ መሃል አንገባም፣ መሸሻ ካጣች ትመጣብናለች» አለ። እህቴ ስልኳን አውጥታ «ትንሽ ብቻ ቅረብልን፣ እንጨምርልሃለን» ብላ ለመነችው። «እህቴ፣ ብሩን ብወደውም ልጅ ይዛለች፤ አልቀርብም» አላት። ይሄኔ እናቴ፣ ስትፈራ የነበረችው እናቴ፣ «እውነቱን ነው፣ አራስ ነብር ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም?» አለቻት። እህቴም ስልኳን አስቀመጠች።

ከሩቅ ሆነን ቆየን። ደቂቃ አልቆጠርኩም፣ ግን ብዙ ቆየን። እናትየዋ ትሰጥማለች፣ ግልገሏም ተከትሏት ይጠፋል፤ ከዚያ ቀድሞ የሚወጣው ሁሌም ግልገሉ ነው፣ ትንፋሹ አጭር ስለሆነ። ትልቋ ልጄ ይህን ስታይ እሷም ትንፋሿን ይዛ አብራ መቁጠር ጀመረች። ካፒቴኑም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳት ነበር፤ ቆዳዋ ፀሐይ ስለማይችል ቀን ውሃ ውስጥ እንደምትውል፣ ማታ ወጥታ ሣር እንደምትግጥ፣ ግልገሏን ውሃ ውስጥ ሆና እንደምታጠባ። እኔ ራሴ የመጨረሻውን አላውቅም ነበር።

በመሃል ሌላ ጀልባ ሙዚቃ ከፍቶ በፍጥነት መጣ። የእኛው ካፒቴን አፏጨ፣ በእጁም ራቁ አላቸው። አልሰሙትም፣ በቀጥታ ወደ ፊላው ገቡ። እናትና ልጅ ሰመጡ፤ ከዚያ ወዲያ አረፋ ብቻ ነው ያየነው። በጣም ተናደድኩ፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ጀልባው ላይ ሕፃናት ነበሩ፣ አንዳቸውም ላይፍ ጃኬት አላደረጉም።

ስለ ላይፍ ጃኬት ካነሳሁ የእኛም ጀልባ ጉድለት አለበት። ጃኬት ለሁላችንም ሰጥቶናል፣ ሳናደርግም አልተነሳም፤ ነገር ግን ሁሉም የአዋቂ ልክ ነው። የትንሹ በራሱ ላይ ሾልኮ እየወጣ አስቸገረን፤ በመጨረሻ አባቱ በነጠላ ወገቡ ላይ አሰረለት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ለካፒቴኑም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ተቀበለኝ። ጀልባው ጥላም የለውም፣ ኮፍያ ያዙ። መሳፈሪያው ላይ ያለው ጣውላ ይወዛወዛል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከባድ ነው።

ሌላው፣ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። የውሃ ላስቲካችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሐዋሳ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት የለም፣ የጣላችሁት ሁሉ እዚያው ነው የሚቀረው። የእኛ ካፒቴን ስንመለስ ሁለት ላስቲክ ከውሃው ላይ ለቅሟል፤ ማንም አላዘዘውም።

ለልጆች ልክ የሆነ ጃኬት ከገዛ ዳግመኛም ከእሱ ጋር ነው የምንወጣው። እናቴ እንደሁ አልጠበቀችም፤ ከጀልባው ስትወርድ እጁን ይዛ «ለሐምሌ ገብርኤል ስመጣ ግልገሉን ታሳየኛለህ» ብላ ቀጠሮ ይዛለች።