የእጅ ጂፒኤስ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ከክረምት እስከ በጋ የተጠቀምኩበት ሰው አስተያየት

"ስልክ እያለልህ ይሄ የእጅ ጂፒኤስ ምን ያደርግልሃል?" ሚለው ጥያቄ ከሁሉም ሰው ስለሚመጣ ከሱ ልጀምር። ከተማ ውስጥ ምንም አያደርግልኝም። እንጦጦ ፓርክም ቢሆን ምንም፣ እዛ መንገዱም ምልክቱም ተሰርቶ አልቋል፣ ሰውም አይጠፋም። ከኮተቤ ካራ ወዲያ፣ ከሱሉልታ ጀርባ፣ ወይ ከሰበታ በኩል ወደ ወጨጫ ስትወጡ ግን፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ቅዳሜም እሁድም ይዤው ስለምወጣ አሁን ጥሩውንም መጥፎውንም ለይቼዋለሁ።

ሞዴሉን አልጠራም፣ በዚህ ዋጋ ያሉት ሁሉ ያው ናቸው። ባለ ቁልፍ ነው፣ ስክሪኑ 2.2 ኢንች፣ ሁለት ዳብል ኤ ድንጋይ ይጎርሳል፣ ጂፒኤስና ግሎናስ (የሩሲያዎቹን ሳተላይቶች) ይቀበላል፣ ውሃ አያስገባም፣ ኮምፓስና ባሮሜትር (በአየር ግፊት ከፍታ ሚለካው) የለውም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ ሚጠሩትን ዋጋ ስሰማ ባያመጣልኝ ኖሮ አልገዛም ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው። ቻርጅ ማድረጊያ የለውም፣ ገመዱ ለፋይል ብቻ ነው፣ እሱም ያ የድሮ ካሜራ ሚጠቀምበት ሚኒ ዩኤስቢ ስለሆነ አንዴ ከጠፋባችሁ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቅ ነው ምታዞሩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ጂፒኤስ ካርድ ሚበላ ሚመስለው ሰው በጣም ብዙ ነው። አይበላም። ስልክም ሆነ ይሄ ዕቃ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሚዞሩትን ሳተላይቶች ማዳመጥ ነው ስራው፣ አራቱን ካገኘ ያለህበትን ያወጣል፣ ወደ ላይ ሚልከው ነገር የለም። ዳታ ሚጠቅመው ለማፋጠን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ ሚናገረው መረጃ በሴኮንድ 50 ቢት እየተንጠባጠበ ስለሆነ ሚመጣው 30 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፣ የሁሉም ሳተላይቶች ማውጫ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል። ስልክ ይሄን ከኢንተርኔት ላጥ አድርጎ ያወርደዋል፣ የእጁ ግን ከሰማይ መጠበቅ አለበት። ስለዚ ሳምንቱን ተዘግቶ ከከረመ ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ ከፍታችሁ "አይሰራም" አትበሉ፣ ውረዱና ሜዳ ላይ አስቀምጡት፣ የጫማ ክራችሁን አጥብቃችሁ፣ ውሃ ገዝታችሁ ስትመለሱ ዝግጁ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሴቲንጉ ውስጥ ደግሞ ዋስ ወይም ኢግኖስ ሚባል አለ። ዋስ ለሰሜን አሜሪካ፣ ኢግኖስ ለአውሮፓ የተሰሩ፣ የጂፒኤስን ስህተት ሚያርሙ የሳተላይት ማስተካከያዎች ናቸው፣ እኛ ጋ አይደርሱም። ዝጉት፣ ድንጋይ ከመጨረስ ውጪ ጥቅም የለውም።

ጥሩ ጎኑ ሚታየው ዝናብ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ እንጦጦ ጀርባ ጉም ሲወርድ አስር ሜትር ፊታችሁ ያለው ባህር ዛፍ አይታይም፣ የስልክ ስክሪን በረጠበ ጣት ስትነኩት ሌላ ነገር ይከፍታል፣ እዛ ላይ ጓንት ካደረጋችሁማ አለቀ። ይሄኛው ቁልፍ ስለሆነ በጓንትም በጭቃ እጅም ይሰራል። ፀሐይ ላይም ስልክ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የዚህ ግን ፀሐይ በመታው ቁጥር ይበልጥ ይነበባል። መንገዱ የጠፋ ሲመስለኝ ማደርገው አንድ ነገር ነው፣ የመጣሁበትን ትራክ፣ ማለትም ዕቃው እየመዘገበ የመጣውን የመንገዴን መስመር፣ ከፍቼ በሱው ላይ መመለስ። ካርታ ባይኖረው ራሱ ይሄ ብቻ ይበቃኛል።

ዛፍ ስር ያለውን ነገር በደንብ አይቼዋለሁ። ባህር ዛፍ ቅጠሉ ቀጭንና ተንጠልጣይ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም፣ ዝናብ ሲመታው ግን ሲግናሉ ይደክማል። መናገሻ ሱባ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ጽዶች ስር ደግሞ በደረቁም ይቸገራል። ገደል ውስጥ ከገባችሁ ሰማዩ ስለሚጠብና ሲግናሉም ከግድግዳው እየነጠረ ስለሚመጣ ቦታችሁን ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል። ምሳ ለመብላት ቁጭ ስትሉማ ትራኩ እዛው ቦታ ላይ የሸረሪት ድር ይሰራል፣ ማታ ስታዩት ያልሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ጨምሮላችኋል። ስትቀመጡ ሬከርዱን አቁሙት፣ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ኮምፓስ የሌለው መሆኑ መጀመሪያ ላይ አናዶኛል። ቆማችሁ ስታዩት ሰሜኑ ወዴት እንደሆነ አያውቅም፣ አቅጣጫውን ሚያወጣው ከእርምጃችሁ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብትዞሩ ቀስቱ ዝም ይላል፣ ትንሽ መራመድ አለባችሁ። ብር ከቻላችሁ ኮምፓስና ባሮሜትር ያለውን ግዙ፣ በተለይ ለከፍታ። ያለ ባሮሜትር፣ ካርታ ላይ ካለው ቦታችሁ ይልቅ ከፍታው ይበልጥ ይሳሳታል፣ ያ ደግሞ የሳተላይቶቹ አቀማመጥ ሚያመጣው ነው፣ ሁሉም ከራሳችሁ በላይ እንጂ ከእግራችሁ በታች ስለማይገኙ።

አሁን ስለ ካርታው። ዕቃው ይዞት ሚመጣው ካርታ እኛ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ አስፋልቱና የከተሞች ስም፣ በቃ። እኔ ከኦፕን ስትሪት ማፕ (ማንም ሰው ሚጨምርበት ነፃ ካርታ) የተዘጋጀውን በነፃ አውርጄ ሚሞሪው ላይ ጫንኩት፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ የእግር መንገዱ፣ ወንዙ፣ ቤተክርስቲያኑ ሁሉ መጣ። ችግሩ ዕቃው የግዕዝ ፊደል አያውቅም፣ ስሙ ሁሉ በላቲን ነው፣ አንዱን መድኃኔዓለም አምስት ዓይነት አድርገው ጽፈውታል፣ ስለዚ በስም መፈለግ ትቼ በቀስት ነው ምሄደው። ስልክ ላይ ግን ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ሚባሉት የካርታ አፖች ላይ ያው ዳታ በአማርኛ ይወጣል፣ ስክሪኑም ሰፊ ነው። ካርታ ለማንበብ ስልክ ይበልጣል፣ በዚህ አልከራከርም።

ኮንቱሩን፣ ከፍታ ሚያሳዩትን መስመሮች ማለቴ ነው፣ ስልክ ላይም ሆነ እጅ ላይ ግን አትመኑት። አብዛኛው ነፃ ኮንቱር ሚሰራው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በፌብሩዋሪ 2000 በራዳር ከለካው መረጃ ነው፣ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ። ይሄ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዝናብ የቆረጠው ጠባብ ቦይ፣ ወርዳችሁ ማትወጡበት ዓይነት ገደል፣ ካርታው ላይ ጭራሽ የለም፣ ሁለት መስመር መሃል ተውጦ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ከ2000 ወዲህ የሆነውን አያውቅም። ከተማዋ ዳር ዳሩን የድንጋይ ካባ የበላው ኮረብታ ስንት አለ? ካርታው ላይ ክብ ክብ ኮንቱር ተደርቦ "ጉብታ ነው" ይላችኋል፣ ስትደርሱ ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ታች ሲኖትራክ ጠጠር ሲጭን ነው ምታዩት። ማታ ወይም በጉም በዛ በኩል ዝም ብሎ ቀስት መከተል አይሞከርም። ዕቃው ያላችሁበትን በአምስት ሜትር ልክ ያውቃል፣ ከስር ያለው ስዕል ግን ያረጀ ነው፣ እኛ ዳርቻ ላይ ደግሞ ስዕል ቶሎ ነው ሚያረጀው፣ አምና እርሻ የነበረው ዘንድሮ በቆርቆሮ ታጥሮ ዘበኛ ቆሞበታል።

ወንዝም እንደዛው። ቀጭን ሰማያዊ መስመር በጥር ተራምዳችሁ ምታልፉት ነው፣ በነሐሴ ያው መስመር ሰው ይወስዳል።

የድሮውን 1፡50,000 የወረቀት ካርታ ሚጠቀም ሰው ካለ ደግሞ ይሄን ልብ ይበል። ያ ካርታ የተሰራው አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር ሚቆጠርበት መነሻ) ነው፣ ጂፒኤስ ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ነው። ሳትቀይሩ ቁጥሩን ከስክሪን ወደ ወረቀት ካሻገራችሁ ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ወጨጫ ላይ 200 ሜትር ማለት ከሸንተረሩ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፎርማቱን ዩቲኤም (ቦታን በሜትር ሚያሳየው)፣ ዳተሙን አዲንዳን አድርጉት፣ ዞናችን 37 ነው። በስልክ ለሰው ምትልኩት ቦታ ሲሆን ግን ወደ ደብሊው ጂ ኤስ መመለስ እንዳትረሱ።

አሁን ማንም ሪቪው ላይ ማይጽፈውን ልንገራችሁ። እኛ ዳርቻ ላይ ይሄን ዕቃ ይዞ መታየት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከየረር ስር ባለ መንደር ስናልፍ አንድ አባት ከበሬዎቻቸው ጎን ቆመው ያዩናል። "አካም" አልናቸው፣ መለሱ፣ ዓይናቸው ግን እጄ ላይ ነው።

"ልጄ፣ ልትለኩ ነው የመጣችሁት?"

"ኧረ አይደለም አባባ፣ በእግራችን ተራራው ላይ ልንወጣ ነው።"

"በእግር? መኪና አጥታችሁ?"

"ለጤና ነው አባባ፣ እንዲሁ ለመንሸራሸር።"

"እሱስ ታዲያ ምንድነው? ባለፈው ይሄን የያዙ ልጆች መጥተው ችካል ቸክለው ነው የሄዱት።"

ምን ይባላል? እዛ አካባቢ ጂፒኤስ ማለት መሬት ሊወሰድ ነው ማለት ነው፣ የያዘ ሰው ሲመጣ ካሳ፣ ልማት፣ ተነሱ ምናምን ይከተላል፣ ሰውየው ምን ያጥፉ። ዕቃውን ሰጠኋቸው፣ የመጣንበትን መስመር አሳየኋቸው፣ አገላብጠው አዩት፣ "እኔን ብትጠይቁኝ በዚህ አላወጣችሁም ነበር፣ ወንዙ ሞልቷል፣ በላይ በኩል በቤተክርስቲያኑ ዙሩ" አሉን። ካርታው ላይ ያ የላይኛው መንገድ የለም። በሱ ወጣን፣ ትራኩን ቤት ስገባ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጫንኩት፣ አሁን አለ። ከዛ ወዲህ መንደር ስንቃረብ ኪሴ ነው ሚገባው፣ ሰላምታው ይቀድማል። ወታደር ወይም ጥበቃ ያለበት ቦታ፣ አንቴና ያለበት ጉብታ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አታውጡት፣ ያለምንም ጥፋት ግማሽ ቀን "ከየት ነህ" ሲሏችሁ ይውላል።

ድንጋይ። ካርቶኑ 25 ሰዓት ይላል። ስክሪኑን ደብዘዝ አድርጋችሁ ግሎናሱን ከዘጋችሁ ለዛ ትቀርባላችሁ፣ ሁሉንም ከፍታችሁ ካርታ ስታገላብጡ ከዋላችሁ ግን የለም። ሱቅ ሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ይሞታል፣ ብራችሁን አታባክኑ። ቻርጅ ሚደረጉትን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ፣ ሴቲንጉ ላይም የድንጋዩን ዓይነት ምረጡለት፣ እነሱ ቮልታቸው 1.2 ስለሆነ አልካላይን ነው ብሎ ካሰበ ሙሉውን ድንጋይ "አልቋል" እያለ ያስጨንቃችኋል። ስልክ ሲሞት ፓወር ባንክ ፍለጋ ነው፣ ይሄ ሲሞት ሁለት ድንጋይ መቀየር ነው፣ ለኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። አንዴ ደግሞ ጓደኛዬ የራስ ባትሪዋ ሲጠፋባት ከጂፒኤሱ አውጥተን አብርተን ወርደናል።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ የወደድኩት ዘዴ አለ። ዞኑን የኛን ስታደርጉት በፈረንጅ ሰዓት ነው ሚያሳያችሁ፣ ፀሐይ ስትገባ 6 ከምናምን ይላል። እኔ ግን ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ሦስት ሰዓት ወደኋላ ያለውን፣ የቦነስ አይረስን ዞን መረጥኩ፣ የ12 ሰዓት አቆጣጠር አደረግኩት፣ ይኸው በሀበሻ ሰዓት ይሄዳል! ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ይላል፣ ፀሐይ መግቢያውም 12 ከምናምን ብሎ ይመጣል፣ ጅብ ሳይወጣ መውረድ ላለበት ሰው ሂሳብ የለበትም። ትራኩ ፋይል ውስጥ ሰዓቱ ሁልጊዜ በዩቲሲ ስለሚጻፍ ምንም አይበላሽም።

ሌላው ቀላል ነው። ላስቲኩ ጎኑ ላይ መላላት ጀምሯል፣ የድንጋይ ክዳኑ ውስጥ ጭቃ እየገባ ቁልፉ ከበድ ብሏል፣ ውሃ ግን እስካሁን አልገባም። ስክሪኑ ጭረት አለው፣ መከላከያ ላስቲክ ከመጀመሪያው ለጥፉበት። ካርታ ሲሳብ ቀርፋፋ ነው፣ ስልክ የለመደ ሰው ትዕግስቱ ያልቃል። እርዳታ መጥሪያ የለውም፣ ያለበትን ለማንም አይልክም፣ ስለዚ ቤት ላለ ሰው የትኛውን ተራራ በየት በኩል እንደምትወጡ ተናግራችሁ ውጡ፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

እንግዲህ ግዙ አትግዙ ካላችሁኝ፣ በወር አንዴ በበጋ ምትወጡ ከሆነ ስልካችሁ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ፓወር ባንክ ያዙ፣ ይበቃችኋል። ክረምት ከበጋ ምትወጡ፣ ሰው ምትመሩ፣ ወይ ጉም ካላየሁ ቀኑ አልሞላም ምትሉ ከሆነ ግን ግዙ፣ ስልኩም ከቦርሳ አይውጣ፣ ሁለቱ አብረው ነው ሚሄዱት።

ያገለገለ ሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ውጭ አውጥታችሁ ሳተላይት እንዲይዝ ጠብቁና ቀኑን እዩ። ጂፒኤስ ሳምንት ሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ነው፣ በኤፕሪል 2019 ቆጠራው ወደ ዜሮ ተመልሷል፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አሮጌ ዕቃዎች ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ያለ ቀን ያሳያሉ። ቦታውን በትክክል ሊያወጣ ይችላል፣ ፀሐይ መግቢያውና የትራኩ ቀን ግን ይዘበራረቃል። ሻጩ "ቀኑን በእጅ ታስተካክለዋለህ" ካላችሁ አትስሙት፣ ቀኑን ሚወስደው ከሳተላይቱ ነው፣ ወይ አፕዴት አድርጎ ያሳያችሁ ወይ ዋጋውን ይቀንስ።