ይህን ጥቁር ቀለም ፕሪንተራችሁ ውስጥ እንዳትጨምሩ

አዳማ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሥራ ለምትሠሩ ሁሉ። ሰሞኑን ሱቅ ለሱቅ እየዞረ በሊትር የሚሸጥ ጥቁር የፕሪንተር ቀለም አለ። «ፖሊመር የተተከለበት ካርቦን ነው፣ አይዘቅጥም፣ ውኃ አያስለቅቀውም» ይላችኋል ሻጩ። እኔም አምኜ 2,800 ብር ከፈልኩ።

በአራተኛው ቀን የፕሪንተሩ ሄድ፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚረጨው ክፍል፣ ተደፈነ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙበት ሰሞን ነበር። አንዷ ልጅ በማግስቱ የምታስረክበውን ይዛ ቆማለች፤ ገጹ ሁሉ ነጭ ሰረዝ በሰረዝ ሆኖ ይወጣል። በጣም አሳዘነችኝ። ጎረቤቴ ጋ ወስጄ አሳተምኩላት። ሄዱን ደጋግሜ ባጸዳውም አልከፈት አለ፤ ማስቀየር ግድ ሆነብኝ።

ሻጩ ያለው ፖሊመር የተተከለበት ካርቦን በእውነት አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ግን የለም።

የቀለም ካርቦን ማለት እጅግ የላመ ጥላሸት ነው። የአንዷ ቅንጣት ስፋት በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው፤ በ1 ሚሊሜትር ውስጥ 1,000,000 ናኖሜትር አለ። እንዲህ የላመ ሲሆንም ቅንጣቶቹ ይሳሳቡና ይጓጉላሉ። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቀለም የሚሠሩት ከጥላሸት ነው፤ የመቃ ብዕር ግን ትንሽ ጓል ይችላል። የሄድ ቀዳዳ ከፀጉር ስለሚቀጥን አይችልም።

መፍትሔው በካርቦኑ ገጽ ላይ ፖሊመር የሚባሉ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶችን በኬሚካል ትስስር መትከል ነው። ቅንጣቷ ዙሪያዋን ፀጉር እንዳበቀለች ትሆናለች። ሁለት ቅንጣቶች ሲቀራረቡ ፀጉሩ ይገፋፋቸዋል። ሥሩ ስለታሰረ ሙቀት ወይም ቀለሙ ውስጥ የሚጨመር ሌላ ፈሳሽ በቀላሉ አይነቅለውም። ርካሹ መንገድ ሳሙና መሰል ነገር ላዩ ላይ ማስያዝ ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ እሱም መጥፎ አይደለም፤ ግን ያልታሰረ ነገር ሊላቀቅ ይችላል። የኔው ቀለም ሲናጥ አረፋ ያወጣል፤ ሲያድር ከሥሩ ጭቃ ይዘቅጣል። ጠርሙሱ ላይ የአምራች ስምም፣ ቀንም የለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና ጠይቁ። በብርጭቆ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ ጨምሩና አሳድሩት። የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ በውስጡ ያለው ጨው ጤነኛውንም ቀለም ሊያጓጉለው ይችላል። ጠዋት ከታች ዝቃጭ ካያችሁ ተዉት። ጊዜ ከሌላችሁ ነጭ ሶፍት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ጥሩው እኩል ይሰራጫል። መጥፎው መሐል ላይ ጥቁር ክምር ይተውና ውኃው ብቻ ወደ ዳር ይሸሻል። ይህ ሙከራ ፖሊመሩ መተከል አለመተከሉን አይነግራችሁም፤ ሄዳችሁን ግን ያተርፋል።

ሻጩ አሁን ስልክ አያነሳም። የተረፈኝን ግማሽ ሊትር አልደፋሁትም። ፍራንኮ አካባቢ ያለው ሱቄ ለመጣ ሁሉ ዝቃጩን አሳያለሁ።