ሶኬት ላይ የሚሰካው የፍጆታ መለኪያ፦ ለፍሪጅ ይግዙት፣ ምጣድ ግን አይሰኩበት

በሶኬትና በዕቃው መካከል የሚገባው ባለ16 አምፔር ዲጂታል መለኪያ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋትና ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል። የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከሞሉለት ብሩንም ያሰላል። (ብዙ ሰው «ኪሎዋት በሰዓት» ይላል፤ ኪሎዋቱ ግን በሰዓቱ ይባዛል እንጂ አይካፈልም።)

ዋጋውን የሚመልሰው ፍሪጅ ላይ ነው። የፍሪጅ ሞተር ይነሳል፣ ያርፋል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን 120 ዋት በ24 ሰዓት ብታባዙት 2.88 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል፤ መለኪያው ግን 0.9 ሊያሳይ ይችላል። ያ በወር 86 ሳይሆን 27 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ለክቶ በ24 ማባዛትም አያዋጣም፤ ሞተሩ ያረፈበት ሰዓት ሊገጥም ይችላል። በሩን እንደወትሮው እየከፈቱ ሁለት ሙሉ ቀን ይተዉት። የበሩ ጎማ ያረጀ ፍሪጅ ሞተሩ እምብዛም ስለማያርፍ ወዲያው ይታወቃል።

ሲገዙ ውስጡ ባትሪ እንዳለው ይጠይቁ። ባትሪ የሌለው ወይም ያለቀበት መለኪያ መብራት በጠፋ ቁጥር የቆጠረውን ሊረሳ ይችላል። ሱቁ ውስጥ የውኃ ማፍያ ሰክተው ትንሽ ያስቆጥሩት፣ ከዚያ ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ይለፉት። የስልክ ቻርጀር ላይም ብዙ አይመኑት፤ ርካሾቹ ከጥቂት ዋት በታች ያለውን በትክክል አያነቡም።

የብር ማሳያው ደካማ ጎኑ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ስለሚሄድ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል፤ ይህ ዕቃ ግን አንድ ዋጋ ብቻ ነው የሚይዘው። ኪሎዋት ሰዓቱን ብቻ ወስዶ ሂሳቡን በደረሰኙ ላይ በደረሱበት እርከን መሥራት ይሻላል።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 15.9 አምፔር ይስባል፤ መለኪያው ከሚችለው ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው። እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሠራ የውስጡ መገናኛ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል። ዲቫይደር ላይ ከተሰካማ ይብሳል። ያለ ሶኬት ከግድግዳው ሽቦ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ቦይለርም በዚህ አይለካም።

ለእነዚህ የቤቱ ቆጣሪ ይበቃል፣ ያውም በነፃ። ሌላውን ሁሉ ነቅለው ከመጋገር በፊትና በኋላ ያንብቡ፤ 4127.3 የነበረው 4132.1 ከሆነ የዚያ ቀን ጋገራ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ፈጅቷል። በወር 8 ጊዜ ከተጋገረ 38.4፣ ከላይ ካለው ፍሪጅ ይበልጣል። የምጣዱን ኃይል ለማወቅ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ቀይ መብራት ለ60 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ በ60 ያባዙና ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት በተጻፈው የብልጭታ ቁጥር ያካፍሉ። ቁጥሩ 1600 ሆኖ 90 ጊዜ ብልጭ ካለ 3.4 ኪሎዋት ገደማ ነው።

ቮልቱ 190 ሲወርድ ያው 3,500 ዋት ምጣድ ወደ 2,600 ይወርዳል። ያኔ ለመጋል ስለሚዘገይና ጋገራው ስለሚረዝም ዋቱ ቢያንስም ሂሳቡ አይቀንስም።