ደሴ ላይ ያገኘሁት የጽንስ ማቋረጥ አገልግሎት

ባጭሩ ልናገር፦ ሕክምናው ጥሩ ነው፣ ሲስተሯ ግሩም ናት፣ ካርድ ክፍሉ ግን መስተካከል አለበት።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሁለተኛዋን ስወልድ ደም ግፊቴ አሻቅቦ አንቀጠቀጠኝ፣ ራሴንም ሳትኩ። ሐኪሞቹ ያኔውኑ "ድጋሚ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል" ብለውኛል። ስለዚህ ሳላስበው ሳረግዝ እኔና ባለቤቴ ለመወሰን ብዙ አልፈጀብንም። የከበደን የት እንሂድ የሚለው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ክሊኒክ ነበር። ስሙን አልጠቅስም። በሩ እንደተከፈተ፣ ተራ ጠባቂው እየሰማ፣ ባለሙያው "ለማስወረድ ነው? ባልሽ ያውቃል? እሱ ካልፈረመ አይሆንም" አለኝ። ባለቤቴ ያውቃል፤ ደጅ ቆሞ ነበር። ግን ባያውቅስ? ባሏን የምትፈራ ሴት እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ልትሆን ነው? ሕጉ የባል ፊርማ አይጠይቅም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ ጽንሱ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ተደፍራ ያረገዘች ሴት ደግሞ የራሷ ቃል ይበቃታል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ልትባል አይገባም። ይህን እነሱ ሊነግሩኝ ሲገባ እኔ ነኝ ፈልጌ ያነበብኩት። ከዚያ እያለቀስኩ ወጣሁ።

ደሴ የሄድነው በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። እዚህ ያለው ልዩነት የመድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ የትም ያው ነው። ልዩነቱ አጠያየቁ ላይ ነው።

ሲስተሯ መጀመሪያ በሩን ዘጋች። ስሟን ነገረችኝ። ከዚያ "ባለቤትሽ ይግባ ወይስ ብቻሽን እናውራ?" ብላ ጠየቀችኝ። ብቻዬን አልኩ፤ ለምን አላለችኝም። ግፊቴን ለካች፣ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሲታይ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችና "ማየት ከፈለግሽ ንገሪኝ" አለችኝ። አልፈለግኩም። ይህቺን ነገር ማን እንዳስተማራት ባውቅ አመሰግነው ነበር።

ሳምንቱ ገና ስለነበር በኪኒንም ከማሕፀን በሚመጥ መሣሪያም እንደሚሆን ገልጻ ምርጫውን ለኔ ተወችው። ኪኒን መረጥኩ። ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው፤ አንዷ ለብቻ፣ አራቱ ለብቻ። "አንዷን እዚሁ ትውጫለሽ። አራቱን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቤትሽ ሆነሽ ጉንጭና ድድሽ መሃል ግማሽ ሰዓት ታቆያቸዋለሽ።" አልደበቀችኝም፤ "ቁርጠቱ ከወር አበባ ይብሳል፣ ደሙም ይበዛል፣ ማስታገሻውን ቀድመሽ ውሰጂ" አለችኝ። በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከረጠበ፣ ይህም ሁለት ሰዓት ተከታትሎ ከቀጠለ፣ ወይም ትኩሳት ከያዘኝ ወዲያው እንድመጣ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ "አብሽሪ የኔ እናት፣ ጥያቄ ካለሽ አልቸኩልም" አለች። ውጭ ሰው ሞልቶ ነበር።

ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያም አልጫነችኝም። ከዚህ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ ማርገዝ እንደሚቻል፣ ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን እንደማይመከር ነገረችኝ። በክንድ የሚቀበረውን መረጥኩና እዚያው ተደረገልኝ።

ጉድለቱን ልናገር። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ "ለምንድነው የመጣሽው?" ብሎ በመስኮት ጮኾ ነው የሚጠይቀው። ውስጥ የተጠበቀው ምስጢር እዚያ መስኮት ላይ ይፈሳል። መጠበቂያው ደግሞ ከእርግዝና ክትትል ጋር አንድ ነው። ሆዳቸው የገፋ እናቶች መሃል መቀመጥ በጣም ይከብዳል። የተለየ ጥግ ለማበጀት መጋረጃ ይበቃ ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ ስልኩ ነው። "በማንኛውም ሰዓት ደውዪ" ተብዬ ሌሊት ስደውል አልተነሳም። ደሙ ከተባለው መጠን አላለፈም እንጂ ቢያልፍ ኖሮስ? ጠዋት ሲስተሯ ራሷ መልሳ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ሁኔታዬንም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሆኖም የሌሊት ቁጥር ከሰጡ የሚያነሳ ሰው መመደብ አለባቸው። ይህን ለኃላፊው ነግሬያለሁ።

ለምትሄዱ እህቶች፦ ሞዴስ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይሰጥም። ጠዋት በጊዜ ድረሱ። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ አራቱን ኪኒን ቤት ገብታችሁ ብቻ ጀምሩ፤ የሀረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ እየወረዱ ቁርጠት የሚቻል አይደለም። የመጀመሪያዋም ብታቅለሸልሽ ፌስታል ያዙ፣ የመስኮት ወንበር ጠይቁ።