ለሄድለስ ሲኤምኤስ ፈተና ብሩን የት ላይ ላውጣ? የጥያቄ ባንክ፣ ኮርስ ወይስ የራስ ፕሮጀክት

የሄድለስ ሲኤምኤስ (የሳይት ይዘት ማስተዳደሪያ) የሰርተፊኬት ፈተናዬ 9 ቀን ሲቀረው ፍርሃት ያዘኝና ቴሌግራም ላይ የጥያቄ ባንክ ገዛሁ። «እውነተኛ ጥያቄዎች፣ ማለፍ እርግጥ ነው» ይላል ማስታወቂያው። የተላከልኝ ፒዲኤፍ ነው። ማታ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩና 14ኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። «ገና ያልታተመ ይዘት ሳይቱ ላይ ለማየት ምን ይደረጋል?» ይላል። መልሱ ደግሞ «ሪኩዌስቱ ላይ ቨርዥኑን ድራፍት ማለት» ነው።

ስቶሪብሎክ ለሚባለው ሲኤምኤስ ልክ ነው። እኔ የምፈተነው ግን ኮንቴንትፉል የሚባለውን ነበር።

ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም ሄድለስ አንድ ነው ብሮ» አለኝ። ብሩን ውሃ በላው። ቢሆንም ያቺ የተሳሳተች ጥያቄ አንድ ነገር ስላስተማረችኝ ከእሷው ልጀምር።

ሄድለስ ሲኤምኤስ ይዘቱን ብቻ ይይዛል። ገጹ ምን እንደሚመስል ግድ የለውም። ይዘቱን በኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚጠያየቁበት በር) ያቀብላችኋል፤ ሳይቱን፣ የስልክ አፑን ወይም የሱቁን ስክሪን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። እዚህ ድረስ ሁሉም አንድ ናቸው። ከዚህ በኋላ ግን እያንዳንዱ የራሱ አመል አለው። ድራፍትን (ገና ያልታተመውን ይዘት) ብቻ እንውሰድ። ኮንቴንትፉል ላይ የታተመውን የሚሰጠው ኤፒአይ እና ድራፍቱን የሚያሳየው ኤፒአይ አድራሻቸውም ቶክናቸውም (የመግቢያ ቁልፋቸውም) የተለያየ ነው። በአንዱ ቶክን ሌላውን ማንኳኳት አይሠራም። ስቶሪብሎክ ላይ አድራሻው አንድ ነው፤ ድራፍት ይሁን የታተመ በፓራሜትር (ጥሪው ላይ በምትጨምሩት ቃል) ትነግሩታላችሁ፤ ለድራፍቱ ግን የፕሪቪው ቶክን ያስፈልጋል። ሳኒቲ ላይ ድራፍቱ ራሱን የቻለ ዶክመንት ነው፤ መለያ ቁጥሩ «ድራፍትስ» በሚል ቃልና በነጥብ ይጀምራል። ስትራፒ 5 ላይ «ስታተስ» በሚባል ፓራሜትር ትጠይቃላችሁ። ስትራፒ 4 ላይ ደግሞ ያው ፓራሜትር ሌላ ስም ነበረው።

አንድ ጥያቄ፣ አራት መልስ። ስለዚህ ብር ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የሚወሰነው የየትኛው መድረክ ፈተና ነው የሚለው ነው።

የትኛውን መድረክ?

ኮንቴንትፉል በ2013 (በፈረንጆቹ) በርሊን ውስጥ የተጀመረ ነው። ብዙ ቋንቋና ብዙ ሳይት ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ካለ ኩባንያ ጋር በርቀት መሥራት ለሚያስብ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ነው። ስቶሪብሎክ ከኦስትሪያዋ ሊንዝ በ2017 (በፈረንጆቹ) የመጣ ነው። ጥንካሬው ቪዥዋል ኤዲተሩ ላይ ነው፤ የማርኬቲንግ ሰዎች ገጹን እያዩ ያስተካክላሉ። ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሳይት የሚሠራ ኤጀንሲ ውስጥ ከሆናችሁ እሱ ይቀርባችኋል። ሳኒቲ ሪአክት (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ለሚወዱ ነው፤ ስኪማው (የይዘቱ አወቃቀር) ራሱ በኮድ ይጻፋል፤ ግሮክ (GROQ) የሚባል የራሱ የመጠየቂያ ቋንቋም አለው።

ስትራፒን ለብቻው ላንሳው። ኦፕን ሶርስ ነው፤ የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል። በብር የሚከፍል የአዲስ አበባ ደንበኛ ካላችሁ፣ በየወሩ የዶላር ቢል የማይመጣበት መድረክ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በተለይ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ። እንዲህ ያለው ደንበኛ ግን ሰርተፊኬት አሳየኝ አይልም። የሠራኸውን አሳየኝ ነው የሚለው። ስለዚህ ለስትራፒ ጊዜያችሁን ስጡት፣ የፈተና ብር ግን አትመድቡለት።

ሳይትኮር እና የአዶቤ ኤክስፒሪየንስ ማኔጀር የሚባሉት ሲኤምኤሶችስ? አሠሪያችሁ ካልከፈለ እለፏቸው። ሶፍትዌሩ ላይ እጃችሁን የምታፍታቱት ደንበኛ ወይም ፓርትነር የሆነ ድርጅት ውስጥ ስትሆኑ ነው። ያልነኩትን መኪና ለመንጃ ፈቃድ መፈተን ይሆናል።

አሁን ወደ ግዢው

የኩባንያዎቹ የራሳቸው ትምህርትና ዶክመንቴሽን መነሻ ነው። ጥያቄ አውጪው የሚያነበው እሱን ነው፤ ቃላቱም ከዚያ ነው የሚመጡት። ችግሩ ሁሉም ነገር ሰላም መሆኑ ነው። የሚያሳዩት ናሙና ሁሌም ይሠራል፤ ኤረር የለም። ሰው ደግሞ ኤረር ሳያይ አይማርም።

ዩዴሚ እና መሰሎቹ ላይ ያሉ የቪዲዮ ኮርሶች ለኔክስት ጄኤስ (የሳይት መሥሪያ) ወይም ለግራፍኪውኤል (የኤፒአይ መጠየቂያ ቋንቋ) መሠረት ጥሩ ናቸው። ለመድረኩ ግን ቶሎ ያረጃሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ነጻውን ናሙና ክፈቱና መምህሩ ከኤፒአይ የተመለሰውን ጄሰን (የመረጃውን ጽሑፍ) ሲያሳይ ቪዲዮውን አቁሙ። የስትራፒ ኮርስ ከሆነና መረጃው «አትሪቢዩትስ» በሚል ሌላ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ካያችሁት፣ ስትራፒ 4 ነው። ስትራፒ 5 መስከረም 2024 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ ያንን ሳጥን አስወግዶታል። የኮርሱ ሽፋን ምንም ይበል፣ ጄሰኑ አይዋሽም።

የጥያቄ ባንክን ከልምዴ ነግሬያችኋለሁ። ሌላም ጣጣ አለው። የፈተና ጥያቄ አውጥቶ መሸጥም ሆነ መግዛት ፈተናው ላይ «እስማማለሁ» ብላችሁ የምትጫኑትን ውል ይጥሳል፤ ሰርተፊኬት ሊያሰርዝ ይችላል። ኩባንያው ራሱ የሚያቀርበው የልምምድ ፈተና ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ውሰዱት።

ቡትካምፕ? እንደ አስተማሪው ነው። አንድ ፈተና አለኝ፤ ለአስተማሪው ይህን ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ኮንቴንትፉል ላይ አንድን መስክ (ለምሳሌ ዋጋ) ከኮንቴንት ታይፕ (ከይዘቱ ቅርጽ) ላይ እንዴት አጠፋለሁ?» «ዲሊት ትጫናለህ» ካለ አመስግናችሁ ውጡ። መስኩ መጀመሪያ ከኤፒአይ ምላሽ ውስጥ እንዳይታይ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው። ይህን የሚያውቀው አንድ ቀን መስክ ለማጥፋት ሞክሮ እምቢ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ይልቅ እኔ ሦስት ጓደኛ ሰብስቦ ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኘትን እመርጣለሁ። ዋጋው ማኪያቶ ነው።

የራስ ፕሮጀክት

ሚዛኑ ወደዚህ ያጋድላል፣ አልደብቅም። ኮንቴንትፉል ላይ ነጻ አካውንት ክፈቱና የአንድ ምግብ ቤት ሜኑ ሥሩ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ምግብ ቤት፣ ሜኑ፣ ምግብ፣ የምግቡ ፎቶ፤ እያንዳንዱ ከሚቀጥለው ጋር በሊንክ ይያያዛል። ከዚያ ምግብ ቤቱን በኤፒአይ ጥሩት። ሜኑው ይመጣል፣ ሽሮው ግን የለም። ክስት ብሎ የቀረውን ጄሰን ስታዩ ኮዳችሁ የተበላሸ ይመስላችኋል። ኮዱ ደህና ነው። ኮንቴንትፉል ሳይነግሩት አንድ ደረጃ ሊንክ ብቻ ነው የሚከተለው፤ እስከ 10 ድረስ ግን ማዘዝ ይቻላል። ሦስት በሉት፣ ፎቶውም ይመጣል። እኔ እዚች ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሊንክ ጥልቀት የመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ አማራጮቹን ሳላነብ ነው የምመልሰው።

ቀጥሎ የአማርኛውን የሽሮ መግለጫ ባዶ ተዉትና አማርኛውን ጠይቁ። ፎልባክ (መጠባበቂያ ቋንቋ) እንግሊዝኛ ካላችሁት እንግሊዝኛው ይመጣል፤ ፎልባክ ካላስቀመጣችሁ ባዶ። ከዚያ አንዱን ምግብ በብራውዘር ከፍታችሁ አስተካክሉ፤ በማኔጅመንት ኤፒአይ (ይዘት በሚቀየርበት) ደግሞ የድሮውን የቨርዥን ቁጥር ይዛችሁ ለማስተካከል ሞክሩ። 409 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልስላችኋል። «አንተ ካየኸው በኋላ ሌላ ሰው ነክቶታል» ማለቱ ነው። በመጨረሻ በስክሪፕት ከ1000 በላይ ኢንትሪ (የይዘት መዝገብ) አስገቡና ሁሉንም በአንዴ ጠይቁ። አይሆንም፤ ሳትነግሩት የሚሰጠው 100፣ ጣሪያው 1000 ነው፤ ገጽ በገጽ መጥራት ግድ ነው። ኮንቴንት ታይፑን በእጅ ሳይሆን በማይግሬሽን ስክሪፕት (ለውጡን በሚሠራ ኮድ) ቀይሩት፤ ያውም መጀመሪያ ሌላ ኢንቫይሮንመንት (የመሞከሪያ ቅጂ) ላይ።

ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ስትራፒን ላፕቶፓችሁ ላይ ጭናችሁ የጽንሰ ሐሳቡን ግማሽ ከመስመር ውጪ መለማመድ ትችላላችሁ። እሱም በመጀመሪያው ሪኩዌስት 403 (ፈቃድ የለህም) ይሰጣችኋል። አትደንግጡ። ፐብሊክ የሚባለው ሮል (ሳይገባ የሚጠይቅ ሰው ድርሻ) አዲስ የሠራችሁትን ይዘት የማየት ፈቃድ የለውም፤ ገብታችሁ ትከፍቱለታላችሁ። ሮልና ፈቃድን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

የእኔ ድልድል እንዲህ ነው። 6 ሳምንት ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ዶክመንቴሽን፣ አራቱ ፕሮጀክት፣ የመጨረሻው የልምምድ ፈተና። ብር የሚወጣው ለፈተናው፣ ለዳታ እና ለማኪያቶ ነው። ግራፍኪውኤል ጭራሽ የማታውቁ ከሆነ ብቻ አንድ አዲስ ኮርስ ጨምሩ።

ለፈተናው መክፈያ ዶላር የሚከፍል ካርድ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ውጭ ያለ ዘመድ ሊከፍልላችሁ ይችላል፤ አካውንቱ ግን በእናንተ ስም ይሁን። ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተልና ፊደል አስገቡ። «ላስት ኔም» ሲል የአባት ነው የአያት ብላችሁ በግምት ከሞላችሁት፣ በካሜራ መታወቂያ የሚያየው ፈታኝ ሊመልሳችሁ ይችላል። ላፕቶፑ ቻርጅ ይሁን፤ መብራት ከሄደ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ ስልካችሁ ላይ ዳታ ይኑር።

ሰዓቱን ደግሞ ሁለቴ እዩት። የቅዳሜ ጓደኛችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሻለኛል ብሎ «3:00 ኤኤም» የሚለውን መረጠ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጋቢ ለብሶ ተፈተነ።