ሪሌ ለሞተ ቴስታታ ሊያወርዱልኝ ነበር

ሶስት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ነው አገር ቤት የመጣሁት፣ ዘጠኙን ቀን ጋራዥ በር ላይ ጨረስኩት። ስለዚህ ጽሁፉ ላይ ንዴት ካያችሁ እውነትም ንዴት ነው። በተለይ ከውጭ መጥታችሁ የዘመድ መኪና ለምትነዱ ሰዎች ነው የምጽፈው።

ወንድሜ መኪናውን ለቀቀልኝ፣ በአራተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋግቶ እየተንፏቀቅኩ ሳለ የሙቀት መርፌዋ ቀጥ ብላ ወደ ቀዩ ሄደች፣ ወዲያው ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡፍ አለ። ጥግ ይዤ አጠፋሁ። ክዳኑን ግን አልነካሁም፣ እሱን ቢያንስ አውቃለሁ፣ ሞተር ሞቆ እያለ የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ነው የሚቀቅለው።

አስጎትቼ ሰው ወዳሳየኝ ጋራዥ ወሰድኳት (ስሙን አልጠራም፣ ፀብ አልፈልግም)። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ አየት አደረገ፣ አንድም ነገር ሳይለካ "እህቴ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል" አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በሱና በሞተሩ አካል መሀል የሚገባው ማሸጊያ)። ከዛ ደረደረው፤ ራዲያተሩም ይቀየር፣ የውሃ ፓምፑም፣ የውሃ ቱቦ ጎማዎቹም፣ ቴርሞስታቱማ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው እቃ) ወጥቶ ይጣል አያስፈልግም። ዋጋውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲነግረኝ ሳሰላው የመኪናዋን ሩብ ዋጋ ሆነ። እኔም ሞኟ የአነጋገሬ ቅላጼ ከየት እንደመጣሁ እየመሰከረብኝ፣ ቀኔ እያለቀብኝ፣ ግማሹን ቀብድ ከፍዬ ወጣሁ። "ነገ ትደርሳለች" አለ።

ነገ ስሄድ ራዲያተሩ ተፈቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። በነጋታው እቃ አልተገኘም። ከዛ ደግሞ እቃው ተገኝቷል ግን መካኒኩ ለቅሶ ሄዷል፣ ከዛ ነገ፣ ከዛ ጠዋት፣ ከዛ "አሁን ልደውልልሽ ስል"። ስልኬን ማንሳት አቆሙ። እኔ ያለሁበት አገር ቢሆን ወረቀት ላይ እቃው ከነቁጥሩ፣ የእጅ ዋጋው በሰዓት ተባዝቶ፣ ለየብቻ ይጻፍና ፈርመሽ ነው የሚነካው እያልኩ ለወንድሜ ስነጫነጭበት "እዛ አይበሉም እንዴ?" አለኝ። ይበላሉ። ባለፈው ዓመት ቴርሞስታት ላስቀይር ሄጄ ሙሉ የውሃ ፓምፕ ሊሸጡልኝ ነበር። ልዩነቱ እዛ የበሉኝን ወረቀት ላይ አየዋለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የአጎቴ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ማንንም አልተሳደቡም፣ "ራዲያተሩን መልሱልኝ" ብቻ አሉ። ቆመው አሰሩት፣ ውሃ ሞሉ፣ አየሩን አስወጡ። ከዛ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ያ ጋራዥ ጭራሽ ያልጠየቀኝ ነው፤ "የሞቀችው እየሮጠች ነው ወይስ ቆማ?" ቆማ ነው አልኩ፣ ረጅም መንገድ ላይ መርፌዋ ንቅንቅ አትልም ነበር። "እንግዲያውስ ቬንትሌተሩን እንይ" አሉ፣ የራዲያተሩን ማራገቢያ ማለታቸው ነው። ነገሩ ሲያስረዱኝ ቀላል ነው፣ መኪና ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆም ግን ቬንትሌተሩ ነው የሚሰራው። ቆማ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ቬንትሌተር፣ ስትሮጥና ዳገት ስትወጣ የምትሞቅ ከሆነ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ውሃ የማይገፋ ፓምፕ ይጠረጠራል።

ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን፣ መርፌዋ ከመሀል አለፈች፣ ቬንትሌተሩ ዝም። አብዛኛው መኪና ላይ 95 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መነሳት አለበት። ጋሼ ሽቦ አውጥተው ከባትሪ በቀጥታ ሲሰጡት ዞረ፣ ስለዚህ ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ዲናሞ ደህና ነው። ፊውዙን አዩ፣ ደህና ነው። ከዛ የክላክሱን ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ፣ ነቅለው (ቁጥሩ አንድ አይነት ነበር) በቬንትሌተሩ ሪሌ ቦታ ሰኩት፣ ቬንትሌተሩ እዛው ተነሳ። በቃ፣ የሞተው ሪሌው ነው። የጣት ጫፍ የምታህል እቃ!

ሁለተኛው ጥፋት የራዲያተሩ ክዳን ነው። የማሸጊያ ጎማው ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔ ክዳን ማለት ውሃ እንዳይፈስ የሚዘጋ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፣ ለካ ግፊት ነው የሚይዘው፣ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፣ በባር (የግፊት መለኪያ)። ግፊት ሲኖር ውሃው ከ100 ዲግሪ በደንብ አልፎ ነው የሚፈላው፣ ግፊቱ ካመለጠ ግን ተራ ውሃ 100 ላይ፣ ከፍታ ቦታ ከሆነ ደግሞ ከዛም በታች ይፈላል፣ 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ሞተሩ የሚሰራው እዛው 90 አካባቢ ስለሆነ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቡት።

ቴስታታውንስ? እሱንም ሳይፈትሹ አላለፉም። የዘይቱን መለኪያ አወጡ፣ ቡና በወተት አልመሰለም (ውሃ ሲገባበት ነው እንደዛ የሚመስለው)። ጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ሳያቋርጥ አይተፋም። ሞተሩ እየሰራ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ አይወጣም። በመጨረሻ በእጅ የምትነፋ የግፊት መለኪያ ገጥመው እስከ 1.1 ነፉና ሩብ ሰዓት ጠበቁ፣ መርፌዋ አልወረደችም፣ ስለዚህ የሚያፈስ ነገርም የለም። ሌላም ምርመራ አለ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይያዝና ከሲሊንደር የተቃጠለ ጋዝ እየገባ ከሆነ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ከእነዚህ አንዱንም ሳያደርግ ቴስታታ ተቃጥሏል ያላችሁን ሰው አትመኑት፣ ምክንያቱም ዋጋው ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ዋጋን እንዴት ልገምት ብዬ ጋሼን ቁጭ ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔ እንደገባኝ ዋናው ነገር እቃውንና የእጅ ዋጋውን መለያየት ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ራሱ ርካሽ እቃ ነው፣ ውዱ ጉልበቱ ነው፣ ከ8 እስከ 15 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ እንደ ሞተሩ። እላዩ ላይ ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ሄዶ መጣመሙ መለካት አለበት፣ የሚፈቀደው ብዙ ጊዜ የሚሊሜትር መቶኛዎች ነው፣ 0.05 አካባቢ፣ ቡለኖቹም በብዙ መኪና አዲስ መሆን አለባቸው። ይሄ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወይ ስራው አይሰራም ወይ ሰውየው አያውቀውም። ቴርሞስታት በተቃራኒው የአንድ ሁለት ሰዓት ስራ ነው፣ ራዲያተር መቀየርም ብዙ መኪና ላይ የግማሽ ቀን ነገር።

የውሃ ፓምፕ ላይ ደግሞ ጠይቁ፣ በታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ በሚያዞረው ቀበቶ) የሚዞር ነው ወይ? ከሆነ ፓምፑን ለማውጣት ቺንጋው መውረዱ አይቀርም፣ ስለዚህ አብሮ መቀየሩ ልክ ነው ግን የእጅ ዋጋው አንዴ ነው የሚከፈለው እንጂ ሁለቴ አይደለም። ውሃ መድፋትና መሙላትም እንደዛው፣ እኔን ለራዲያተሩም ለፓምፑም ለቴርሞስታቱም ለየብቻ አስበውብኝ ነበር፣ ዝርዝሩን በግድ ሳስጽፈው ነው ያየሁት። የወጣውን አሮጌ እቃም ተቀበሉ፣ ባትፈልጉትም ተቀበሉ።

"ቴርሞስታት አያስፈልግም አውጥተን እንጣለው" የሚለውንም አትስሙ። ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። ከተጠራጠራችሁ አውጥታችሁ ድስት ውስጥ ቀቅሉት፣ 82 ወይም 88 ተብሎ ተጽፎበታል፣ እዛ ሲደርስ ሲከፈት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጋሼ የኛን እንደዛ ነው የፈተሹት፣ በሰዓቱ ተከፈተ።

ያ ጋራዥ የደፋብኝን ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚገባውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ አረንጓዴ የነበረውን ባዶ ውሃ አድርገውት ነበር። ባዶ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፣ አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ ስለዚህ በድጋሚ ተደፍቶ ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ገባ። ይሄን ሁሉ ጨምሬ፣ ሪሌውን፣ ክዳኑን፣ ኩላንቱንና የጋሼን ድካም (አልቀበልም ብለው በግድ ነው የሰጠኋቸው) ስደምረው መጀመሪያ የተጠየቅኩትን አንድ አስራ አራተኛ ሆነ። ከቀብዱ ግማሹን በስንት ጭቅጭቅ መለሱ፣ ቀሪው "የመፍቻ" ነው ተባልኩ።

አዲሱ ሪሌ እስኪገዛ ደግሞ የክላክሱ ሪሌ እዛው ቬንትሌተሩ ላይ ስለቀረ ሁለት ቀን ያለ ክላክስ ነዳሁ። እዛ ስኖር በዓመት አንዴ የማልነካውን ክላክስ፣ በነዛ ሁለት ቀናት ስንት ጊዜ መሪውን በከንቱ እንደመታሁት አትጠይቁኝ።