ለበረዶ ወራት የገዛኋት ድንኳን፦ ከ14 ወራትና ከ41 ሌሊቶች በኋላ

ይህችን ድንኳን የገዛሁት፣ በምኖርበት በኮሎራዶ በበጋ ለእግር ጉዞ፣ በበረዶ ወራት ደግሞ ለተራራ መውጣት የምታገለግለኝ አንዲት ድንኳን ብቻ እንድትኖረኝ ስለፈለግሁ ነው። እስካሁን 41 ሌሊት አድሬባታለሁ፤ 16ቱ በበረዶ ላይ፣ 6ቱ በባሌ ተራሮች፣ የቀሩት 19 ደግሞ በሮኪ ተራሮች የበጋ ጉዞዎች ላይ ናቸው። የሠሪውን ስም ትቼ የምጽፈው፣ አንባቢ ሊመረምር የሚገባው ስሙን ሳይሆን አሠራሩን ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ድንኳኗ ለሁለት ሰው የተሠራች፣ ውስጠኛና ውጨኛ ጨርቅ ያላት፣ በሦስት የአሉሚኒየም ዘንጎች ተጠላልፋ ያለ ካስማ በራሷ የምትቆም ባለ ጉልላት ድንኳን ናት። ውጨኛው ጨርቅ በሁለቱም ፊቱ ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ነው። ከነካስማዋ፣ ከነገመዷና ከነከረጢቷ በቤቴ ሚዛን 2.4 ኪሎ ትመዝናለች፤ መለያው ላይ የተጻፈው ግን 2.2 ኪሎ ነው። ልዩነቱ የመጣው መለያው ጨርቁንና ዘንጉን ብቻ ስለሚቆጥር ነውና፣ ሁለት ድንኳን የሚያወዳድር ሰው የትኛው ክብደት እንደተጻፈ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከመግዛቴ በፊት ልቤ ያዘነበለው 1.1 ኪሎ ወደምትመዝን፣ በመሄጃ በትር ወደምትቆም ድንኳን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የነፋስ ስሌት ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በጨርቁ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በደህና የቆመች ድንኳን 80 ሲደርስ ምን እንደምትሆን ከቀድሞው ልምድ መገመት አይቻልም። ዋሻ መሰል ድንኳኖችም ለክብደታቸው ሰፊና ጠንካራ ናቸው፤ ነገር ግን ካስማቸው ካልያዘ አይቆሙም፣ ድንጋያማና በብርድ የደረቀ መሬት ላይ ደግሞ ካስማ መምታት ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ምርጫዬ የተፈተነው በጥር ወር ኤልበርት ተራራ ላይ ነው። ኤልበርት 4,401 ሜትር ከፍታ ያለው የሮኪ ተራሮች አናት ሲሆን፣ በበረዶ ወራት ወደ መነሻው የሚወስደው መንገድ ስለሚዘጋ ጉዞው ይረዝማል። እኔና ጓደኛዬ ከበረዶ ናዳ መውረጃ ርቀን፣ ዛፍ ከሚያበቃበት ጥግ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ሰፈርን። በረዶውን በጫማችን ረግጠን ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲጠነክር ተውነው። ከድንኳኗ ጋር የመጡት ቀጫጭን ካስማዎች በበረዶ ውስጥ ምንም ነገር አይዙም፤ ስለዚህ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶችን በረዶ ሞልተን፣ ገመዱን አስረን፣ ክንድ በሚያህል ጉድጓድ ቀበርናቸውና ላያቸውን ረገጥን። ጠዋት ላይ በመጥረቢያ ካልተቆፈሩ በስተቀር አንዳቸውም አልወጡም።

ነፋሱ የተነሳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የግንባር መብራቴን አብርቼ ዘንጎቹን ስመለከት፣ በነፋሱ በኩል ያለው ዘንግ ወደ ፊቴ ጎብጦ ውስጠኛው ጨርቅ የመኝታ ከረጢቴን ሊነካ ይደርስና፣ ነፋሱ ፋታ ሲሰጥ ተመልሶ ይቃና ነበር። አንዱ ገመድ እንደላላ ያወቅሁት በድምፁ ነው፤ የተወጠረ ጨርቅ ሲነፍስበት ያጉረመርማል፣ የላላ ግን እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ወጥቼ አጠበቅሁት። ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን የእድር ድንኳን ሲተከል፣ አባቶች አንዱን ገመድ ሲስቡ ትይዩ ያለውን ሌላ ሰው እንዲይዝ ያዝዙ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ሌሊት ነው፤ አንድ ወገን ብቻ ሲወጠር ሸክሙ በሙሉ ወደ ዘንጉ ይዞራል።

የዚያ ሌሊት ችግር ነፋሱ ብቻ አልነበረም። የበረዶ ብናኝ እንዳይገባብን የጣሪያውን መተንፈሻ ዘግተን ስለተኛን፣ የትንፋሻችን እንፋሎት በጨርቁ ላይ ወደ አመዳይ ተለውጦ፣ ጠዋት ስንነሳ ድንኳኗ በተነካች ቁጥር ፊታችን ላይ ይረግፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም ቢበርድ መተንፈሻውን በከፊል ክፍት አደርጋለሁ፤ የበረዶ ክምር እንዳይደፍነውም ሌሊት ተነስቼ አያለሁ። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቡታጋዝ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል። እኔ የማበስለው በረንዳዋ ላይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ መተንፈሻውም ክፍት ሆኖ ብቻ ነው።

ከጉድለቶቿ ሁሉ ያሳዘነኝ የስፌቷ ነገር ነው። ሲሊኮን በተቀባ ጨርቅ ላይ የተለመደው የስፌት መሸፈኛ ፕላስተር አይጣበቅም፤ ስለዚህ ስፌቱ በፈሳሽ ሲሊኮን መቀባት አለበት። የእኔ ስትገዛ አልተቀባችም፣ መመሪያው ላይም አልተጻፈም። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ በሚወርደው የኮሎራዶ ዶፍ ከራስጌዬ በላይ ካለው ስፌት ይንጠባጠብብኝ ጀመር። ለሻጩ ጽፌ የተሰጠኝ መልስ «የተለመደ ነው» የሚል ብቻ ነበር። አንድ ሙሉ ከሰዓት በብሩሽ ቀብቼ አንድ ሌሊት ካደረቅኋት በኋላ ጠብታ አላየሁባትም፤ ሆኖም ይህን ያህል ገንዘብ የተከፈለባት ድንኳን ይህን ሥራ ለገዢው መተው አልነበረባትም። ናይለኑም ዝናብ ሲጠጣ ስለሚለጠጥ፣ ከመተኛት በፊት ገመዶቹን አንድ ጊዜ መልሶ ማጥበቅ ግዴታ ነው።

ወደ ባሌ ይዣት የሄድኩት በኅዳር ነው። የሳነቴ አምባ ሌላ ዓይነት ፈተና ነበረው፤ በረዶ የለም፣ ነገር ግን 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውኃ በኮዳ ውስጥ ይረጋል። ከቱሉ ዲምቱ ተራራ በታች በጅብራዎቹ መካከል ድንኳን ስተክል ካስማው ያለ ምንም ኃይል ሰተት ብሎ ገባልኝና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን በሁለት ጣት ስስበው ወጣ። መሬቱ በፍልፈል ጉድጓድ የተቦረቦረ ነው። ገመዶቹን በድንጋይ አሰርኋቸው፤ በራሷ የምትቆም ድንኳን በመምረጤም እንደገና ተደሰትኩ። ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታና ናይለንን ስለሚያደክም፣ ቀን ቀን ነቅዬ እጠቀልላት ነበር። ያም ሆኖ የጣሪያዋ ቀለም አሁን ከጎኗ ይልቅ ደብዝዟል።

ሐሳቡ በኢትዮጵያ ተራሮች በደረቁ ወራት ብቻ መጓዝ የሆነ ሰው ይህችን ድንኳን እንዲገዛ አልመክርም። ጭነቱን ፈረስ ወይም በቅሎ ቢሸከምለትም ገንዘቡ ይባክናል፤ ጠንካራ ገመድና ጥሩ መተንፈሻ ያላት 1.5 ኪሎ ገደማ ድንኳን ትበቃዋለች። በበረዶ ላይ ለሚያድር ግን ያን ተጨማሪ ኪሎ እንዲቀንስ አልነግረውም። ስፋቷን በተመለከተ ለሁለት ሰው የተባለው እውነት የሚሆነው በበጋ ነው፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ጫማና ገመድ ሲጨመር ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ያድራል።

በአሁኑ ጊዜ ጨርቋ አልተቀደደም፣ የወለሏ ውኃ መከላከያም አልተላጠም። አንድ ዘንግ ከኤልበርት ሌሊት ጀምሮ በጥቂቱ ጎብጦ ቀርቷል፤ የዘንጎቹ ውስጥ ላስቲክም በብርድ ስለላላ መጋጠሚያዎቹ በጓንት እጅ ለመግጠም አስቸግረው ነበር። የመጀመሪያው በረዶ ከመውረዱ በፊት ሦስቱንም ላስቲኮች በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ለጎበጠው ዘንግ የሚሆን መጠገኛ ቱቦም ከካስማዎቹ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል።